ቢቸና የሚለቀኝ፣ ሞጣ የሚይዘኝ ሳል

ቢቸና ስሄድ እድናለሁ፤ ሞጣ ስመለስ እታመማለሁ። አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኑሮዬ ይኸው ነበር። ሞጣ ቤቴ ናት፤ ሱቄም ሚስቴም እዚያ ናቸው። ቢቸና ደግሞ ታላቅ እህቴ ዘይነባ አግብታ የምትኖርባት ከተማ ናት። ሰው በገዛ ቤቱ ታሞ በእህቱ ቤት የሚድን ከሆነ አገር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። የታመመው የኔ ደረት ነው፤ የተወራው ግን በሚስቴ ነው። ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተት፣ መድኃኒት ውጦ ውጦ የሰለቸው አንባቢ ካለ ይኽን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ምናልባት እኔ የዞርኩትን ያህል ሳይዞር ይገላገል ይሆናል።

ኑሩ እባላለሁ። ከአባቴ የተረፈልኝ ጨርቅ ቤት አለኝ፤ አቡጀዲ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። ከሥራ በኋላ ግን መርከብ እሠራለሁ። አዎ፣ መርከብ፤ ክንድ የምታህል የእንጨት መርከብ፣ ምሰሶና ሸራ ያላት፣ ገመዷ ሳይቀር ቦታ ቦታውን የያዘ። መሳቅ ይቻላል፤ ሞጣም ስቃ ስቃ ትታኛለች። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ጣና ነው። አያቴ ግን ሐጅ ሲሄዱ ከምፅዋ በሸራ መርከብ ተሻግረው ነበርና፣ ማዕበል በመታት ቁጥር እንጨቷ እንደ ሽማግሌ ታቃስት ነበር እያሉ ያጫውቱን ነበር። የመጀመሪያዋን የሠራሁት ያቺ መርከብ ምን እንደምትመስል ለማየት ብዬ ነው። ከዚያማ መተው ከየት ይምጣ።

የምሠራው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያ የመርከቧን የጀርባ አጥንት እቀርጻለሁ፤ በላዩ ጎድኖቿን አቆማለሁ፤ ከዚያ ስስ ጣውላ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያላላሁ በጎድኖቹ ላይ አጎብጬ በኮላ እለጥፋለሁ። ማንቆርቆሪያው የሚስቴ የሐሊማ ነው፤ በዚህ ምክንያት በቤታችን ሻይ የሚፈላው መርከቧ ስትፈቅድ ነው። ሸራው የአቡጀዲ ቁራጭ፣ ገመዱ በሰም የታሸ ክር ነው፤ ሁለቱንም ከሱቄ አገኛለሁ። የሥራው ትልቁ ክፍል ግን ማለስለስ ነው። ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ታነሣለህ፣ ቀጥሎ ደቃቁን፣ ቀጥሎ ከዚያም የደቀቀውን፤ ጣትህ የነካው እንጨት መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ትፈገፍጋለህ። እኔ ሰላም የማገኘው እዚያ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከገበያተኛ ጋር ሲከራከር የዋለ አፌ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል።

ሕመሙ የጀመረው ትልቋን መርከብ በጀመርኩበት ክረምት ነው። የአባቴ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የዋንዛ በሩን ማገዶ ከመሆን አድኜ አስቀምጬው ነበር። ዋንዛ ሲደርቅ ለመርከብ የተፈጠረ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲለሰልስም ቀለሙ ደስ ይላል። እስከዚያ ድረስ የምሠራው ካገኘሁት የባሕር ዛፍና የቀርከሃ ቁራጭ ነበር። አሁን ግን ሦስት ምሰሶ ያላት መርከብ ልሠራ ቆረጥኩ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዳልቸገርም ሥዕሎቿን አስቀድሜ አሳትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው።

መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ከመሸ በኋላ የሚመጣ። ቀስ በቀስ ደረቴ መጥበብ ጀመረ። አየር ማስገባቱ አይደለም የሚያስቸግረው፤ የገባው አልወጣ ይላል። ስተኛ ከውስጤ ፉጨት ይሰማል። ሐሊማ አንድ ቀን ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ አዳመጠችና «ሰውዬ፣ ድመት ውጠሃል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅንበት። ፉጨቱ እየባሰ ሲመጣ ግን መሳቁን ተውን። ትንፋሽ ሲያጥር የሚመጣ ፍርሃት ሌላ ፍርሃት አይመስልም፤ ሰው ጠርቼ እንኳ ልናገረው ብል የምናገርበት ትንፋሽ የለኝም። ቁጭ ብዬ ትራስ አቅፌ እስኪነጋ እጠብቃለሁ፤ ሐሊማም አብራኝ ቁጭ ትላለች፤ ጀርባዬን ከማሻሸት በቀር የምታደርገው አልነበራትም፣ እሱን አልታከተችም።

ጠያቂው ሁሉ በአንድ ቃል «ብርድ ነው» አለ። እኛ አገር ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ተበላ፣ ጤና አዳም ተጠጣ፣ ፌጦ ተቀባ። ንፋስ እንዳያገኘኝ ደግሞ በቤቱ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ። ሐሊማ የዕቃ ቤቷን መስኮት ሳይቀር በአሮጌ ብርድ ልብስ ወተፈችው። ሱቁን ለወንድሟ ትተን እኔ «እንድታርፍ» ተፈረደብኝ። ሥራ የለመደ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው ታውቃላችሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በሩን ዘግቼ፣ መርከቧን ስፈገፍግ እውላለሁ። ሐሊማም ሻይ ስታመጣልኝ «እሰይ፣ እንዲህ ሞቅ ብሎህ ተቀመጥ» ትላለች።

አልሻል ሲል ሐኪም ፍለጋ ተነሣን። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድ አለኝ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው፣ ወደ ላይ እየመጣ ነው የሚያስልህ አለ። ሦስተኛው የሳንባ ምች ብሎ መርፌ አዘዘ። የታዘዘውን ሁሉ ወሰድኩ፤ ለመድኃኒት የወጣው ብር አንድ ክረምት ሙሉ ሱቄን ዕቃ ያስሞላልኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን «ለማንኛውም የቲቢ ምርመራ ይደረግ» የተባልኩ ዕለት ነው። ውጤት ስጠብቅ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ሳሌን ሲሰሙ ቀስ በቀስ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን ፈቀቅ እል ነበር። ሐሊማ ግን ወደኔ ተጠጋች። ይዛው የነበረውን የውሃ ኮዳ ከፈተች፣ ጠጣሁ፣ ከአፌ ተቀብላ እሷም ጠጣች፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ውጤቱ ቲቢ አይደለም አለ። ራጁም ተነሣ።

«ሳንባዎ ንጹሕ ነው» አለኝ ያነበበልኝ ባለሙያ።

«ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ለምን አይሠራልኝም?» አልኩት።

እሱም ሳቀ፣ እኔም ልስቅ ብዬ ሳሉ ቀደመኝ። በየሄድኩበት ሁሉ ይጠይቁኝ ነበር። ሲጋራ? አልነካም። ጫት? አልቅምም። ሥራ? ነጋዴ። ምን ይነግዳሉ? ጨርቅ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው። መርከብማ ሥራ አይደለም፤ ጢሙ የሸበተ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ «እጫወታለሁ» ይላል እንዴ?

ሊጠይቁኝ ከመጡት አንዱ ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ። የሃይማኖታችን በር ለየብቻ ቢሆንም ግቢያችን በአንድ አጥር የሚለይ፣ በዓሉንም ሐዘኑንም የምንካፈል ሰዎች ነን። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ወደ ዕቃ ቤቷ ጎራ ብለው መርከቧን አዩ።

«ኖኅም ሲሠራ ጎረቤቱ ይስቅበት ነበር፤ እኔ ግን ጎርፉ ሲመጣ በአጥሬ በኩል መሰላል ጣልልኝ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የደበቅኸው ነገር አለ ኑሩ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኧረ ምን እደብቃለሁ መሪጌታ? አገር የሰማው ሳል እኮ ነው።»

«እንግዲያውስ አየር ለውጥ። ውሃና አየር ሲለወጥ ስንቱ ድኗል።»

በሳቸው ምክር ቢቸና እህቴ ዘንድ ሄድኩ። በአውቶቡሱ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ እያሳልኩ ሰው አስቸገርኩ። ቢቸና ከገባሁ በኋላ ግን ሳሉ በየቀኑ እየቀነሰ፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ተኝቼ ማደር ጀመርኩ። ብርዱ ያው የሞጣ ብርድ ነው፤ ጤፉም ያው ጤፍ ነው። ደግሞ መንገድ ተዘጋና ካሰብኩት በላይ ቆየሁ፤ ወፈርኩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሞጣ ተመለስኩ፣ ሐሊማ በደስታ በግ አሳረደች፣ እኔም የናፈቀችኝን መርከብ አቅፌ ዕቃ ቤቴ ገባሁ። ወሩ ሳያልቅ ድመቷ ደረቴ ውስጥ ተመለሰች። እንደገና ቢቸና፣ እንደገና ጤና፤ እንደገና ሞጣ፣ እንደገና ሳል።

ወሬው የተጀመረው ያኔ ነው። «ቤቱ አልስማማው ብሎ ነው» ያለ አለ፤ «ዓይን ነው» ያለ አለ። ውሎ አድሮ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን አሳረፈ፤ የሚያበላው ማን ነው? አልጋ የሚያነጥፍለት ማን ነው? ሐሊማ ገበያ ስትወጣ ሰላምታው ቀዝቅዞ ይጠብቃት ጀመር። ለኔ አትነግረኝም፤ ስትመለስ ግን ዘንቢሏን የምታስቀምጥበት አቀማመጥ ይነግረኛል።

እትዬ ዘይነባ ራሷ ልትወስደኝ ሞጣ መጣች። እህቴን እወዳታለሁ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያመነችውን ነገር ግን ከራሷ የሚነቅልላት የለም። ሳሎን ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች እንዲህ አለች፦

«እኔ ማንንም አልነካሁም። ወንድሜ ግን እኔ ዘንድ ይድናል፣ እዚህ ይታመማል። አላህ ዓይን የሰጠን እንድናይበት ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?» አለች ሐሊማ።

«ምንም። ሱቁን ቢቸና ያዛውር ነው የምለው። ቤትም አይቼለታለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሚስቱ አይደለሽም እንዴ? ብትመጪ ማን ይከለክልሻል?»

ልትመጣ እንደማትችል እህቴ ታውቃለች። የሐሊማ እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ ከሷ በቀር የሚያገላብጣቸው የለም። ነገሩ እንግዲህ ይኽ ነበር፤ ወይ ትንፋሼን ይዤ ቢቸና እቀራለሁ፣ ወይ ከሚስቴ ጋር ሞጣ ሆኜ ታንቄ እሞታለሁ። ያኔ አፌን ሞልቼ «ሐሊማ ምን አደረገች?» ማለት ነበረብኝ። ሳሉ ያዘኝና ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሳሉም ባይዘኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሰው ሲታመም ጥርጣሬ ቀስ ብሎ እሱ ላይም ይወጣበታል።

በማግስቱ ሐሊማ ለመንገድ በቅቤና በበርበሬ የታሸ በሶ በጣሳ ሞልታ ሰጠችኝ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብታ መርከቧን በፎጣ ጠቅልላ፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና መሮውን በፌስታል አድርጋ ይዛ መጣች።

«ይችንም ይዘሃት ሂድ» አለችኝ።

«ለምን? እመለስ የለ?»

«ከተመለስክ ይዘሃት ትመለሳለህ። የምትቀር ከሆነ ግን ግማሽህ እዚህ፣ ግማሽህ እዚያ አትሁንብኝ።» ይኽን ብላ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። አልሸኘችኝም። መርከቧን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሙሉ ስሄድ በመስኮቱ ያየሁትን አንድም ነገር አላስታውስም።

ቢቸና እንደ ልማዴ ሻል አለኝ። ልቤ ግን አላረፈም፤ ሐሊማ ስደውልላት በአጭር በአጭሩ ትመልስልኛለች። እንዲህ ሲሆን እጄ የሚፈልገውን አውቃለሁ። የእህቴ ጓሮ ያለችውን የእህል ክፍል ጠየቅኩ፣ መርከቧን ፈታሁ፣ ማለስለሴን ቀጠልኩ። እህቴም እንደ ሐሊማ ብርድ ትፈራለችና በሩን ከላዬ ዘጋችልኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳሉ ጀመረኝ። አንድ ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ስፈገፍግ ዋልኩና፣ ምሽቱ ላይ ትንፋሼ ፈጽሞ እምቢ አለ። ከንፈሬ ጠቆረ አሉኝ። ቃል መጨረስ አቃተኝ።

እህቴ በጩኸት ግቢውን ሞላችው። መኪና እየተጠራ ሳለ እንኳ ዓይኗ ጣሳው ላይ አረፈ። ያን ቀን ጠዋት በሶ ቀምሼ ነበር።

«ተከትላው መጣች! እዚህ ድረስ ተከትላው መጣች!» አለች። ጣሳውን አንሥታ ወጣች፤ ስትመለስ ባዶ ነበር። «ለጎረቤት ውሻ ሰጥቼዋለሁ፣ አይዞህ» አለችኝ። 

ሐኪም ቤት ጭንብል አፍና አፍንጫዬ ላይ ገጠሙልኝ፤ እንደ ጉም የሚተን መድኃኒት ነው የምስበው። ደረቴ ቀስ በቀስ ተፈታ። እንዲያ ተፈትቶ አያውቅም ነበር፤ አለቀስኩ፣ ምን አለ ብዬ እዋሻለሁ። ሲነጋ እህቴ አጥሚት ይዛ መጣች። ዝም ብላለች፤ የደከማት መሰለኝ። ወዲያው አንዲት ዶክተር ገባች፤ ወጣት ናት፣ ስታዳምጥ ዓይኗን ወደ መሬት ታደርጋለች። ታሪኬን ሁሉ፣ ቢቸናና ሞጣን፣ ታይፎይድና ጨጓራውን ነገርኳት።

«ከሞጣ የመጣለትን ምግብ በልቶ ነው» አለች እህቴ በመሐል።

ዶክተሯ እሱን አለፈችው። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ያደረጉትን ይንገሩኝ፤ አንድም ሳይተዉ» አለችኝ።

ሱብሒ ሰገድኩ፣ ቁርስ በላሁ፣ ከአማቼ ጋር ተጫወትኩ አልኩ። «ከምሳ በኋላስ?» አለችኝ። «እንዲያው ተቀምጬ ዋልኩ» አልኩ። እሷ እጄን እያየች ነበር።

«ጥፍርዎ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

እጄን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ተማሪ አፈርኩ። የመለሰችው እህቴ ናት፤ «እንጨት ይፍቃል ዶክተር። መርከብ ይሠራል፤ ልጅም ሆኖ እንዲህ ነበር።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥያቄው እንደ ዶፍ ወረደብኝ። የምን እንጨት ነው? ዋንዛ። አቧራው ብዙ ነው? እንደ ዱቄት ነው። መስኮት ይከፈታል? ለብርዱ ብለን ዘግተነዋል። ሞጣም እንዲሁ ነው? እንዲሁ ነው። ከዚህ በፊት ቢቸና ሲመጡ መርከቧን ይዘው ያውቃሉ?

 «የለም፤ ያሁኑ የመጀመሪያዬ ነው» አልኩ። ስናገረው ነው የገባኝ። እህቴን አየኋት፤ እሷ መስኮቱን ታያለች።

ዶክተሯ በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። በሽታው አስም ነው፤ ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር መተላለፊያ ቱቦዎች ይቆጡና ያብጣሉ፣ ይጠባሉ። የኔን የሚያስቆጣቸው የእንጨቱ ብናኝ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱን ሰው ምንም አይለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን ሰውነቱ እምቢ ይላል። ቁጣው ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ከሰዓት የገባ አቧራ ማታ ነው የሚያስለው። ለዚህ ነው ማናችንም ያላሰብነው። ለማረጋገጥ ከእንጨቱ ርቄ እየተመላለስኩ አንዲት የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ በሙሉ ትንፋሼ እንድነፋላት አዘዘች፤ ስነፋው ትንፋሼ በየጊዜው እየጨመረ ሄደ። የሚሳብ መድኃኒት፣ ኢንሄለር የሚሉትን፣ ሰጠችኝ። መድኃኒቱ አፍ ውስጥ እንዳይቀር በፕላስቲክ ጠርሙስ በኩል እንድስበው ቀዳዳ አበጅታ አሳየችኝ። «መርከብ የሚሠራ ሰው ጠርሙስ መብሳት አይቸግረውም» ብላ ፈገግ አለች። አልሳቀችብኝም። ያን ያህል የሸሸግሁትን ነገር ያለ ሳቅ ስትጠራው ስሰማ ደስ አለኝ።

ለሐሊማ ደወልኩ። ሁሉንም አንድ ባንድ ነገርኳት። ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፦

«መርከቧን አብሬህ ባልሰጥህ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ቆይታ «በሶውንስ በላኸው?» አለችኝ።

«ውሻ በላው።»

ያ ሁሉ ወሬ ሲወራባት ያላለቀሰች ሴት ያኔ አለቀሰች። እኔም በሷ ላይ የወጣብኝን ጥርጣሬ ነገርኳት። ማወቋ ላይቀር፣ ከኔ ይሁን ብዬ ነው። «አውቄ ነበር» አለችኝ።

ስመለስ ዕቃ ቤቷን በእርጥብ ጨርቅ ከጣሪያ እስከ ወለል አጽድታ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ነቅላ ጥላው ጠበቀችኝ። ሰጋቱራው የወጣው በማዳበሪያ ነው አለችኝ፤ እሱ ሁሉ ሲጠረግ ደረቴ እዚያ አለመኖሩ ደግ ነው። መዳን ግን በአንድ ጊዜ አልሆነም። መድኃኒቱን ደህና ነኝ ብዬ ስተወው ሳሉ ተመልሶ ገሠጸኝ። ሱቅ ለመክፈት፣ ከዚያም ዳገት ለመውጣት፣ ከዚያም የቀበሌ ወሬ ይዤ ሳላቋርጥ ለመሳቅ ወራት ፈጀብኝ። ዋንዛውን እርም አልኩ። ሌላውን እንጨት ሐኪሟ በፈቀደችልኝ መጠን፣ ውጭ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በውሃ እየነከርኩ እንጂ በደረቁ አልፈገፍግም።

ትልቋ መርከብ ግን ግማሽ ጎኗ ሻካራ እንደሆነ ቀርታ ነበር። ልጥላት አልኩ። ሐሊማ አልሰማችኝም። ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ግቢው መሐል ተቀምጣ መርከቧን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እኔን ንፋሱ ወደሷ ከሚነፍስበት በኩል፣ አጥሩ ድረስ አርቃ አስቀመጠችኝ።

«በእንጨቱ መስመር ሂጂ እንጂ፣ አታቋርጪው!» እላለሁ ከሩቅ።

«አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ» ትለኛለች።

ንፋሱ ሲዞር ወንበሬን ይዤ እዞራለሁ። መሪጌታ በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው «ካፒቴኑ ባሕር ውስጥ ወድቆ ነው ሚስቱ የምትነዳው?» ይላሉ። ቫርኒሹንም እሷ ቀባችው። እውነት ለመናገር እኔ ካለሰለስኩት ጎን ይልቅ የሷ ጎን ይበልጣል። አልነገርኳትም፤ እዚህ ታንብበው።

መርከቧ ስታልቅ የት እንደምትቀመጥ የወሰነችውም ሐሊማ ናት። እናቷን ለአንድ ቀን ለአክስቷ አደራ ብላ፣ መርከቧንና አንድ ጣሳ ይዛ አብረን ቢቸና ሄድን። እህቴ ሳሎን ገብተን እንደተቀመጥን ሐሊማ መርከቧን ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። አጠገቧ ጣሳውን ከፍታ በሶውን በሳህን አደረገች።

«እትዬ፣ ያመመው ይኽ ነው» አለች መርከቧን እያሳየች፤ «በሶውን ግን ይቅመሱልኝ።»

እህቴ ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከበሶው ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኝካ ዋጠች። ደግማ ቆረሰች። ከዚያ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ ተናገረች፦

«ያን ጊዜ በሶሽን ለጎረቤት ውሻ ነው የሰጠሁት።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሐሊማ።

«ፍርፋሪ ሳያስቀር በላው። ሲነጋ ለወንድሜ አጥሚት ይዤ ስወጣ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ጭራውን እየቆላ ሌላ ሲጠብቅ አገኘሁት። ምንም አልሆነም።» የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። «ምንም እንዳልሆነ አይቼ ነው ሐኪም ቤት የገባሁት ሐሊማ። አይቼም ምግቡ ነው አልኩ።»

 ሐሊማ ሳህኑን ወደ እህቴ አስጠጋችላት።

«ይብሉ እትዬ፣ ይደርቃል» አለቻት።